መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች የሚሸፈነው የጤና መድህን ድጎማ እንዳይቀነስ በጀት ከመጽደቁ በፊት ምን ይዘን እንቅረብ? (ድሬዳዋ)

ጠያቂ፦ የሳቢያን እድሮች

ሰላም ለሁላችሁ። በሳቢያንና በአካባቢው ያለን እድሮችና አፎሻዎች (እንደ እድር ያሉ የመረዳጃ ማኅበራት) ተሰባስበን ለአስተዳደሩ ምክር ቤት አባላት የሚገባ ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። ጉዳያችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ነው፤ በተለይ መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ አባወራዎችና እማወራዎች መንግሥት የሚሸፍነው ድጎማ። «ተቀነሰ» የሚል ወረቀት በእጃችን የለም። ግን የኑሮው ውድነት እንደምታዩት ነው፤ ወጪ ይቆጠብ ሲባል ደግሞ ቀድሞ የሚነካው ጮሆ የማይከራከር ሰው ድርሻ ነው። ከመነካቱ በፊት እንድረስ ብለን ነው።

የምንፈልገው ምክር ይህ ነው። ቅነሳ መኖሩን ከበጀት ሰነዱ ላይ በምን እንለየዋለን? «ድሃ ይጎዳል» ከማለት ያለፈ፣ ቁጥር ያለው መከራከሪያ እንዴት ይሠራል? ጽሑፉስ ለማን፣ በየትኛው ወር ይግባ? ስሜት የሚቀሰቅስ ተናጋሪ ሞልቶናል፤ የቸገረን ሰነድ የሚያነብ ሰው ነው።


መልስ፦ የቋት ሒሳብ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የዚህ ድጎማ ቅነሳ «ቅነሳ» ተብሎ ተጽፎ አይመጣም። የአምናውና የዘንድሮው ብር እኩል ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቅነሳው ያለው እኩል በመሆኑ ላይ ነው።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው፤ የድሬን ከቢሮው ታስሞላላችሁ። አንድ አስተዳደር 8,000 መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦችን ይሸፍናል፤ የአንድ ቤተሰብ ዓመታዊ መዋጮ 1,000 ብር ነው፤ ስለዚህ 8 ሚሊዮን ብር ይያዛል። በቀጣዩ ዓመት መዋጮው 1,500 ብር ይገባል። በጀቱ ግን «አልተነካም»፤ ያው 8 ሚሊዮን ነው። ለ1,500 ሲካፈል 5,333 ቤተሰብ ይሸፍናል። 2,667 ቤተሰብ ከመዝገብ ወጣ፤ በሰነዱ ላይ ግን አንዲት ብር አልጎደለችም። ስለዚህ የተያዘውን ብር ብቻ አትጠይቁ። የተያዘውን ብር፣ የአንድ ቤተሰብ መዋጮንና የተሸፈነውን ቤተሰብ ብዛት ጎን ለጎን፣ ቢያንስ የሦስት ዓመት ጠይቁ። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ሁለቱ ምንም አይነግሯችሁም።

ሌላው መደበቂያ ኮታው ነው። መዋጮ የሚሸፈንለት ቤተሰብ ለመድህኑ ብቁ ከሆነው ነዋሪ 10 በመቶ አካባቢ ተደርጎ ሲታቀድ ቆይቷል። ይህ ቁጥር የድህነት ልኬት አይደለም፤ የኪስ ልኬት ነው። ቀበሌው 400 ቤተሰብ ለይቶ ኮታው 250 ከሆነ ዝርዝሩ ከላይ ወደ ታች ይቆረጥና የተቆረጡት 150 «መክፈል የሚችሉ» ተብለው ይቆጠራሉ። ስለዚህ በቀበሌ ደረጃ የተለየው ስንት ነበር፣ የጸደቀው ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ልዩነቱ የጽሑፋችሁ ምርጥ ገጽ ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ግን የክፍያ መዘግየት ነው። ድጎማው በጀት ተይዞለት፣ ጸድቆ፣ ወደ መድህኑ ቋት (መዋጮና ድጎማ ወደሚጠራቀምበት ሒሳብ) ሳይገባ ሰኔ ይደርሳል። ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ደግሞ ታካሚውን አስቀድመው አክመው ሒሳቡን በየሩብ ዓመቱ ለመድህኑ ያቀርባሉ። አንድ ሆስፒታል በወር የ2 ሚሊዮን ብር አገልግሎት ለመድህን አባላት ይሰጣል እንበል። ክፍያው 6 ወር ሲዘገይ 12 ሚሊዮን ብር ከመድኃኒት መግዣው ወጥቷል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ድጎማው መቶ በመቶ ተፈጽሟል፤ መደርደሪያው ግን ባዶ ነው።

የድርሻውን ነገር ደግሞ ሳታውቁ አትግቡ፤ «የእኛ ኃላፊነት አይደለም» የሚል መልስ ይመጣል። በክልሎች መክፈል ለማይችሉት የሚሸፈነው መዋጮ ክልሉ 70 በመቶ፣ ወረዳው 30 በመቶ እንዲሸፍኑት ሆኖ ነው የተዘረጋው። ከዚያ ሌላ ፌዴራል መንግሥት ለአጠቃላዩ መዋጮ የሚጨምረው ድጎማ አለ። ፕሮግራሙ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር 25 በመቶ ነበር፤ በኋላ ወደ 10 በመቶ ወርዷል። ያ ሲወርድ የወረደውን የሞላው ወይ ክልሉ ወይ አባሉ ነው። ድሬ ላይ ድጎማው በጤና ቢሮ ስር ነው የተያዘው ወይስ በሌላ መሥሪያ ቤት? ይህን በደብዳቤ ጠይቃችሁ አረጋግጡ፤ የተሳሳተ በር ስታንኳኩ ሁለት ወር ያልፋል።


መልስ፦ ግምጃ ቤት

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው የወሩንና የሰነዱን ነገር ነው።

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰው የሚነቃው ምክር ቤቱ በጀት ሊያጸድቅ ሲሰበሰብ ነው፤ ያኔ ግን የቀረው እጅ ማውጣት ብቻ ነው። የበጀት ጣሪያው የሚሰላው፣ ቢሮዎች ጥያቄ አስገብተው «ይህን ቀንሱ» እየተባሉ የሚመላለሱት ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ከፌዴራል ለድሬዳዋ የሚመጣው ድጋፍ ግንቦት አካባቢ መልክ ከያዘ በኋላ የሚቀረው ማጣጣም ነው። ስለዚህ ጽሑፋችሁ በየካቲት ወይም በመጋቢት ጤና ቢሮ ይግባ፤ ጥያቄውን የሚያቀርበው እሱ ነውና ከቢሮው ጋር አትጣሉ፤ ባልደረባችሁ ነው። በሚያዝያ ለፋይናንስ ቢሮ፣ በግንቦት ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴዎች። ለከንቲባው የሚጻፍ ደብዳቤ ግልባጭ ይሁን። ዋናውን ለከንቲባ ብቻ የጻፈ ሰው መልሱ «ለሚመለከተው ተመርቷል» ነው።

ሰነዱ እጃችሁ ሲገባ «የጤና በጀት በዚህ ያህል አደገ» የሚለው የመጀመሪያ ገጽ እንዳያታልላችሁ። ዕድገቱን በታትኑት። መደበኛ (የየዕለቱ ሥራ ማስኬጃ) እና ካፒታል (የግንባታና የቋሚ ንብረት) በጀት ለየብቻ ነው የሚታዩት፤ አዲስ ሕንፃ ሲጀመር ጠቅላላው ያብጣል፣ የድሃው ድጎማ ግን መደበኛው ውስጥ ነው። ከዚያ ምንጩን እዩ፦ ከግምጃ ቤት፣ ከውስጥ ገቢ፣ ከእርዳታ ወይስ ከብድር? የውስጥ ገቢ ማለት ሆስፒታሉና ጤና ጣቢያው ከታካሚ የሚሰበስቡት ነው። «ጤናው ላይ ጨምረናል» ሲባል የጨመረው የውስጥ ገቢ ከሆነ፣ የጨመረው ታካሚው ነው። ይህን አንድ አረፍተ ነገር ለቋሚ ኮሚቴው አባላት በቃል ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ ልብ አይሉትም።

በወጪ መደብ ደረጃ የምትፈልጓቸው ቁጥሮች 6111 (የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ)፣ 6214 (የሕክምና ቁሳቁስ) እና 6217 (ነዳጅና ቅባት) ናቸው። ደመወዝ ሲስተካከል 6111 ያብጥና ድምሩ ያማረ ይመስላል፤ በዚያው ገጽ 6214 ከአምናው ጋር እኩል ከሆነ በመድኃኒትና በጓንት ዋጋ ሲካፈል ቀንሷል። ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ የሕክምና ዕቃ ዋጋ ከፍ ብሏል፤ «እኩል» የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ትርጉሙ ሌላ ነው።

አንድ ደጋግሞ የማየው ስህተት ደግሞ አለ፦ «ከአዳራሹ ግንባታ ቀንሳችሁ ለድጎማው ጨምሩ» ብሎ በዓመቱ አጋማሽ መጠየቅ። በፌዴራሉ የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ 648/2001 ከካፒታል ወደ መደበኛ ማዛወር አይቻልም፤ የአስተዳደሩም ሕግ እንዲሁ ገድቦ እንደሆነ ጠይቁ። ይህ ሐሳብ የሚያዋጣው ከመጽደቁ በፊት ብቻ ነው። ከጸደቀ በኋላ ያለው መንገድ ተጨማሪ በጀት ነው፤ ለእሱ ደግሞ የሩብ ዓመት የአፈጻጸም ቁጥር ያስፈልጋል።

ስለ ሕግ መሠረቱ፦ በ1993 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ከመንግሥት በጀት 15 በመቶውን ለጤና እናውላለን ማለታቸው ይጠቀሳል። ጥቀሱት፤ ግን አትደገፉበት፣ «ቃል ኪዳን ነው» ተብሎ ይታለፋል። የሚጠነክረው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 4 ነው፤ መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት መመደብ አለበት ይላል። «እየጨመረ የሚሄድ» የሚለውን «የቋት ሒሳብ» ከላይ ካሰላው 5,333 ቤተሰብ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት፤ ሌላ ንግግር አያስፈልግም።


መልስ፦ ማዋለጃ ክፍል

መድህኑ ላይ ብቻ ተንጠልጥላችሁ ሌላውን በር ክፍት እንዳትተዉ። ወሊድ፣ የእርግዝናና የድኅረ ወሊድ ክትትል፣ ክትባት፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ የቤተሰብ ምጣኔ በመንግሥት ተቋም ለማንም በነጻ የሚሰጡ ናቸው፤ የመድህን ደብተር አያስፈልጋቸውም። ነጻ የሆኑት ግን ለእናትየው ነው። ጓንቱ፣ ኦክሲቶሲኑ፣ ማግኒዥየም ሰልፌቱ (በእርግዝና የደም ግፊት የሚመጣን መንቀጥቀጥ የሚከላከለው)፣ መስፊያው ክር ከሆነ ቦታ መገዛት አለበት። 6214 ሲጠብ ነጻ አገልግሎት በአዋጅ አይሻርም፤ «ጓንት ገዝታችሁ ኑ» ይባላል እንጂ። ቅነሳው እንዲህ ነው ከበጀት ሰነድ ወጥቶ ከባልየው ኪስ የሚገባው።

አንድ ምሳሌ በቅርብ እንይ፤ ለምክር ቤት አባል ለማስረዳት ቀላል ነው። ኦክሲቶሲን እናት እንደወለደች በመጀመሪያው ደቂቃ በጡንቻ 10 ዩኒት ትወጋለች፤ ማህፀኗ እንዲኮማተርና ደም እንዳይፈስ ነው። መድኃኒቱ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የድሬን ግንቦትና ሰኔ ታውቁታላችሁ፤ 35 ዲግሪ ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን የሚይዘው ጄኔሬተር ነው፤ ጄኔሬተሩን የሚይዘው ነዳጅ ነው፤ ነዳጁ ያለው 6217 ላይ ነው። ያ መደብ ደግሞ «አስተዳደራዊ ወጪ ቀንሱ» ሲባል ከመኪና ነዳጅ ጋር አብሮ ይቆረጣል። የሞቀ ኦክሲቶሲን መልኩ አይለወጥም፤ ያው የጠራ ውኃ የሚመስል ፈሳሽ ነው። ኃይሉ ግን ቀንሷል፣ ማንም አያውቅም፣ እናትየዋ ትደማለች። ከዚያ ደም ፍለጋ፣ ሪፈር፣ አምቡላንስ (ይህም ነዳጅ ነው)። የሊትር ነዳጅ ቁጠባ የሚያመጣውን ወጪ ከዚህ ላይ ማስላት ይቻላል። ስለዚህ በጽሑፋችሁ «የጤና ተቋማት የጄኔሬተርና የአምቡላንስ ነዳጅ ከአስተዳደራዊ ወጪ ቅነሳ ተለይቶ ይያዝ» የሚል አንድ መስመር አስገቡ። ርካሽ ጥያቄ ነው፣ እምቢ ለማለት ያስቸግራል።

አሁን ወደ መድኃኒት መስኮቱ። ክፍያ ሲዘገይ ተቋሙ ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚገዛበት ገንዘብ ያጣል፤ ማዘዣው ላይ «የለም» ይጻፋል። ደብተር የያዘችው እናት ከውጭ ፋርማሲ በጥሬ ገንዘብ ትገዛለች ወይም ትተወዋለች። ከዚያ የሚመጣው ለሁሉም ነው፦ መዋጮውን ከኪሱ የከፈለው ጎረቤት «ከፍዬም ከውጭ ከገዛሁ ምን ሊጠቅመኝ?» ብሎ በሚቀጥለው ዓመት አያድስም። ቀድሞ የሚወጣው ጤነኛው ነው፤ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚ ይቀራል። ቋቱ የሚሰበስበው ይቀንሳል፣ የሚከፍለው አይቀንስም። የድሃው ድጎማ ሲነካ የሚናጋው የከፋዩም መድህን ነው፤ ይህን ለነጋዴዎችና ለባጃጅ ማኅበራት ስታስረዱ ቶሎ ይገባቸዋል።

ማስረጃ ለመሰብሰብ ከባድ ጥናት አያስፈልጋችሁም። በመድህን የሚሸፈኑ አሥር ያህል መድኃኒቶች ምረጡ፦ አሞክሳሲሊን የልጆች፣ ሜትፎርሚን፣ ኢንሱሊን፣ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሳልቡታሞል የሚነፋው፣ ኦሜፕራዞል፣ ሴፍትሪአክሶን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት አንዱን። ለሁለት ወር በየሳምንቱ በአንድ ቀን ለምሳሌ ለገሐሬና ገንደቆሬ ጤና ጣቢያ እንዲሁም ሳቢያን ሆስፒታል ፋርማሲ መስኮት ሄዳችሁ «አለ / የለም» ብላችሁ ሙሉ። ኃላፊውን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ተቋሙን ልትከሱ እንዳልሆነ ንገሩት፣ ብዙ ጊዜ እሱም ያንኑ ቁጥር ይፈልገዋል። የታካሚ ስም አይጻፍ፣ ማዘዣ ፎቶ አይነሳ። የወባና የቲቢ መድኃኒት ውስጥ አታስገቡ፤ በሌላ መንገድ ስለሚመጡ ሥዕሉን ያበላሹባችኋል።

መከላከሉንም አትርሱ። በ2014 ዓ.ም. ድሬን የመታው የወባ ወረርሽኝ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ከሚራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ጋር የተያያዘ ነበር። ይህች ትንኝ ዝናብ አትጠብቅም፤ ሮቶና በርሜል ይበቃታል። ቤት ለቤት በርሜል የሚፈትሹት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። የእነሱ የመንቀሳቀሻ ወጪ ሲቆረጥ የሚቆጥቡት ብር ከጥቂት ወር በኋላ ድል ጮራ ሆስፒታል አልጋ ላይ ይከፈላል።


ጠያቂ፦ የሳቢያን እድሮች

እግዜር ይስጥልን፣ ጀዛኩሙላህ ኸይር። የ«እኩል ነው» ነገር ዓይናችንን ገልጦልናል። ሁለት ነገር ግን አስቀድሞ እየተነገረን ነው። አንደኛው «ሆስፒታሎች የራሳቸው የውስጥ ገቢ አላቸው፣ ድሃውን በዚያ ያክሙ» የሚል ነው። ሁለተኛውን አንዳንድ አባሎቻችንም ያነሱታል፦ ዝርዝሩ ውስጥ መክፈል የሚችል ሰው ገብቷል፣ መጀመሪያ እሱ ይጣራ ይላሉ። ምን እንመልስ?


መልስ፦ ነምበር ዋን

አቦ፣ ሁለተኛውን እኔም አነሳዋለሁ፣ ቅር አይበላችሁ። ሁለት ፎቅ ያከራየ ሰው ደብተር ይዞ ሲወጣ፣ በረንዳ የምታድር ሴት መታወቂያ ስለሌላት ስትመለስ ያላየ ሰው ድሬ የለም። ዝርዝሩን ሳታጠሩ «በጀት ጨምሩ» ካላችሁ የምክር ቤቱ አባል የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄው ነው፤ መልስ ከሌላችሁ ስብሰባው እዚያው አበቃ። ማጣራቱን ራሳችሁ አስቀድማችሁ ያዙት ባይ ነኝ።


መልስ፦ የቋት ሒሳብ

ነምበር ዋን ልክ ነው፤ ግን ማጣራት ሁለት አቅጣጫ እንዳለው አስረግጣችሁ ያዙ። የማይገባው የገባ አለ፣ የሚገባው የቀረ አለ። የቅነሳ ማጣሪያ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ካልታየ ማጣራቱ ሌላ ስም ያለው ቅነሳ ነው።

አሠራሩ በወጉ ከሆነ ቀበሌው ይለያል፣ ነዋሪው በስብሰባ ይተችበታል፣ ዝርዝሩ ተለጥፎ ቅሬታ ይሰማበታል፣ ከዚያ ይጸድቃል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው መለጠፉና የቅሬታ ጊዜው ነው። የእድር ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደለቀቀ፣ የማን ልጅ ከውጭ ብር እንደሚልክ፣ የማን ባል እንደጠፋ እድር ያውቃል። የሞቱና የለቀቁ ይሰረዙ፣ በነሱ ምትክ የቀሩት ይግቡ፣ ኮታው ግን አይቀነስ በሉ። ማጣራቱን ከቁጥሩ ጋር ሳታስሩ ከተስማማችሁ፣ የተሰረዘው ሰው ቦታ ለዘለዓለም ይጠፋል።

ብዙ ጊዜ የሚቀሩት እነማን እንደሆኑ አስቀድማችሁ ጻፏቸው፦ የቀበሌ መታወቂያ የሌላቸው ተከራዮች፣ ከገጠር ለቀን ሥራ የመጡ፣ ቤት ለቤት ልብስ የሚያጥቡ እናቶች፣ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን። በሌላ በኩል ቀድሞ ተጣርቶ የተቀመጠ ዝርዝርም አለ። ድሬና ሐረር የከተማ ሴፍቲኔት (ድሃ ቤተሰቦችን በገንዘብ የሚደግፈው የመንግሥት ፕሮግራም) መጀመሪያ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች ውስጥ ናቸው፤ ገጠር ቀበሌዎችም የገጠሩ ሴፍቲኔት አላቸው። ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኝ ሰው መሥራት እንደማይችል አንዴ ተረጋግጧል፤ ለመድህኑ እንደገና ድህነቱን እንዲያስመሰክር ማድረግ የሠራተኛም የሰውም ድካም ነው። ሁለቱ ዝርዝሮች ይመሳከሩ በሉ።

ስለ ውስጥ ገቢው፦ ያ ገንዘብ የተፈቀደው ተቋሙ መድኃኒትና ዕቃ እያሟላ ጥራቱን እንዲያሻሽል፣ ከመንግሥት በጀት በላይ ተጨማሪ ሆኖ ነው። ከዚያም በላይ አብዛኛው የውስጥ ገቢ አሁን ከመድህኑ ራሱ የሚመጣበት ተቋም አለ። ድጎማውን ቀንሶ «በውስጥ ገቢ ሸፍኑ» ማለት ከአንዱ ኪስ አውጥቶ እዚያው ኪስ ውስጥ መፈለግ ነው። ድንገተኛ ታካሚ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ አይጠየቅም፤ ደብተር ያልታደሰላት የስኳር ታካሚ ክትትሏን አቋርጣ ራሷን ስታ ስትመጣ ሆስፒታሉ ያክማታል፣ ሒሳቡን የሚልክበት ግን የለም።

ለቤተሰቡ ያለውን ጉዳት በብር ለማሳየት ዓለም አቀፉን መለኪያ ተጠቀሙ፦ የሕክምና ወጪ ከቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ ወይም ወጪ 10 በመቶ ካለፈ ከባድ ተብሎ ይመዘገባል። በወር 4,000 ብር የሚያገኝ ቤት በዓመት 48,000 ነው፤ መስመሩ 4,800 ብር ላይ ነው። ከውጭ የታዘዘ ምርመራና የአንድ ሳምንት አልጋ ከዚህ አይበልጥ እንደሆነ የምክር ቤቱን አባል ራሱን ጠይቁት። በአገር ደረጃም በ2009 ዓ.ም. ከተደረገው የጤና ወጪ ጥናት ወዲህ የሚታወቀው፣ ከጠቅላላው የጤና ወጪ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ መውጣቱ ነው።


መልስ፦ ጁገል በር

ከሐረር ነኝ፤ በኛም ያው ነው፣ ስለዚህ ጉዳዩን እንደራሴ ነው የማየው። እኔ የምለው ስለ ወረቀቱ ነው።

መረጃ ስትጠይቁ በቃል አትመላለሱ። የመረጃ ነጻነት ድንጋጌው በአዋጅ 590/2000 ውስጥ ነው፤ ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በጽሑፍ ይገባል፣ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጣችሁ ይገባል። ለምን እንደፈለጋችሁት ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ደብዳቤው ሲገባ ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን ይረፍበት፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ከተከለከላችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለእንባ ጠባቂ ተቋም። ድሬ ቅርንጫፍ አለው። «ግምጃ ቤት» ከላይ ከሰጣችሁ ወራት ጋር አስልታችሁ ጥር ላይ አስገቡት። «የጤና በጀት መረጃ ይሰጠን» የሚል ሰፊ ጥያቄ ሰፊ መልስ ያመጣል፤ እንዲህ ጻፉት፦ «ላለፉት ሦስት በጀት ዓመታት መዋጮ መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች የተያዘው ድጎማ፣ ወደ ቋቱ የገባው፣ የተሸፈነው ቤተሰብ ብዛት፣ በቀበሌ የተለየው ብዛት፣ ለሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ያልተከፈለ ሒሳብ።» አምስት ነገር፣ በአንድ ሠንጠረዥ።

ጤና ጣቢያዎች የኅብረተሰብ ተወካይ ያለበት ቦርድ አላቸው፤ ነዋሪው ለአገልግሎቱ ነጥብ የሚሰጥበት የማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድም በየሩብ ዓመቱ ይሞላል። የሁለቱ ቃለ ጉባኤ ላይ «መድኃኒት የለም» የሚለው ቅሬታ ተጽፎ ካለ የናንተ ማስረጃ ሳይሆን የመንግሥት ማስረጃ ነው፤ እሱን አያይዙ። ከድሬ ወደ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ለሚላክ ታካሚ ደግሞ መድህኑ ከሆስፒታሉ ጋር ውል ያለው መሆኑን ጠይቁ። ከአስተዳደሩ ውጭ ካለ ሆስፒታል ጋር ያለ ውል በጠበበ ዓመት ለመቁረጥ የሚመች ነው፤ የሚጎዳው ደግሞ የትራንስፖርቱን እንኳ ለምኖ የመጣው ነው።

ጽሑፉ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ሠንጠረዡ በአባሪ። ዋናው በአማርኛ ይሁን፣ አንድ አንድ ገጽ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ተዘጋጅቶ አብሮ ይግባ፤ የገጠር ቀበሌ ተመራጮች እንዲያነቡት። የሚፈርሙት እድሮቹና አፎሻዎቹ በየማኅተማቸው፣ የአባል ብዛታቸውን ጽፈው ነው፤ የግለሰብ ፊርማ ክምር ማንም አይቆጥረውም። ሰላማዊ ሰልፍ ያነሳችሁ ካለ አዋጅ 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ያዛል፤ ግን በኔ ግምት ለዚህ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴው ፊት የምታገኟት ግማሽ ሰዓት ትበልጣለች። ቀጠሮዋን ደግሞ በጠዋት ያዟት፤ በድሬ ሙቀት ከምሳ በኋላ ሠንጠረዥ የሚያነብ ሰው የለም።


መልስ፦ ግምጃ ቤት

ጁገል በር ባረቀቀው ላይ አንድ ነገር፦ «ወደ ቋቱ የገባው» ከሚለው ቀጥሎ «በየሩብ ዓመቱ፣ ከገባበት ቀን ጋር» የሚል ጨምሩ። ቀኑ ካልተጠየቀ ዓመታዊ ድምር ብቻ ይሰጣችኋል፤ ሰኔ 28 የገባ ብርና መስከረም ላይ የገባ ብር በድምር አይለዩም።